ያልተጻፈ መስተፋቅር

«እኔ አላልሁም፤ ሲሉ ነው የሰማሁት» ብላ ትጀምራለች ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ። ከዚያ በኋላ የማትለው ነገር አይኖርም።

«አየነው በልጅቱ ላይ መስተፋቅር አስጽፎባታል አሉ። ደብተራ ሽባባው ነው አሉ የጻፈለት። ያለዚያማ የዚያች ልጅ አፍ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ ነበር? እስቲ ንገሩኝ!»

ልጅቱ እኔ ነኝ። ይህንንም የምትለው ከእናቴ ጠላ ቤት ተቀምጣ፣ የእናቴን ጠላ በእጇ ይዛ፣ እኔ ከጓዳ እንደምሰማት እያወቀች ነው። በዚያ በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ ብቻ ሰባት ጊዜ ሰምቻታለሁ። መጀመሪያ መስተፋቅሩ በወረቀት የተጻፈ ነበር፤ በአራተኛው ጊዜ በማር ላይ የተደገመ ሆነ፤ በሰባተኛው ወረቀቱ በማር ተነክሮ እኔ በልቼዋለሁ። ወሬዋ እያደር ይሻሻላል።

ስሜ ሸጋ ነው። መልኬን አይተው ያወጡልኝ እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ ተስፋ አድርጋ ነው። የተወለድሁትም ያደግሁትም ዳንግላ ነው። ማንበብ ማንም አላስተማረኝም። የመሪጌታ ክንዴ ተማሪዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ፊደል ሲቆጥሩ፣ እኔ ከግድግዳው በስተውጭ የእናቴን ብቅል አሰጣ ነበር። ከዓመት ዓመት ብቅሉ እየደረቀ ሄደ፣ እኔ ደግሞ ዳዊት ደገምሁ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ወደ እኛ ጠላ ቤት ይመጣል። አንዳንዱ ሴት ስታነብ ለማየት ነው የሚመጣው፤ ግድ የለም፣ ይይ።

አየነውም የመጣው ደብዳቤ ይዞ ነው። የቆሰበር ገጠር ገበሬ ነው፤ አገውኛም አማርኛም ይናገራል፤ በሁለቱም ግን ብዙ አይናገርም። ታላቅ ወንድሙ ወታደር ቤት ነበርና ከሐረር የላከለትን አነበብሁለት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያንኑ ደብዳቤ ይዞ መጣ።

«ረስተኸው ነው?» አልሁት።

«አልረሳሁትም። አንቺ ስታነቢው ወንድሜ ደኅና ይመስለኛል።»

ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ደብዳቤውን በቃሌ አውቀው ነበር፤ ግን ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብሁ። አራተኛ ጊዜ ሲዘገይብኝ መንገድ መንገድ አይቻለሁ። እኔ! መንገድ ያየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሽማግሌ ላከ፤ የጠየቀውም ቁርባን ነው። ሰማንያ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ካልሆነልኝ ሽማግሌ አስጠርቼ እፈታለሁ፣ ወደ ብቅሌ እመለሳለሁ። ቁርባን ግን መፍቻ የለውም። ሥጋውን ደሙን ተቀብለው የተጋቡትን የሚለያቸው ሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ቄሱ አስቀድመው በሰው ሁሉ ፊት «በፈቃድሽ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔም አዎ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ሊቆረጥ ተነጋግረን ሳለ ነው የደብሪቱ ወሬ የደረሰኝ።

ወሬውን ናቅሁት ማለት በቻልሁ። አልናቅሁትም። መስተፋቅር ማለት ሰው ሳይወድ እንዲወድ የሚያደርግ ጽሕፈት ነው፤ የተጻፈበት ሰው ደግሞ እንደተጻፈበት አያውቅም፤ ወደድሁ ብሎ ያስባል። እኔ በዚህ ዓለም ያለኝ ነገር አንድ ነው፤ ራሴ ያስተማርሁት ይህ ጭንቅላት። እሱ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ ጽፎበት ከሆነ፣ ቄሱ ሲጠይቁኝ «አዎ» የሚለው ማን ነው? በእግዚአብሔር ፊት የሰው ቀለም በእኔ ምላስ ሊናገር ነው? ከዚያም እስክሞት መውጫ የለም።

መመርመር ጀመርሁ።

መስተፋቅር የሚጻፈው በክርስትና ስም ነው። ሸጋ ተብሎ ቢጻፍ አይሠራም፤ ሸጋ የገበያ ስሜ ነው። የክርስትና ስሜን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ለእናንተም አልነግራችሁም። የክርስትና እናቴ ሞታለች። የንስሐ አባታችን ሰው ቢጠይቃቸውም አይሰሙም፤ ጆሯቸው ደክሟል። እናቴን ያዝኋት።

«እማዬ፣ የክርስትና ስሜን ለማን ነገርሽ?»

ጠላ እያጠለለች ነበር። «ለእግዚአብሔር» አለች።

«ከእሱ ሌላ?»

«ኧረ በስመ አብ! ደብሪቱ የለፈለፈችውን ይዘሽ እናትሽን ትመረምሪያለሽ? ዳኛ አደረጉሽ?»

«አየነውን ትወጂዋለሽ።»

«እኔ የምወደው ፈረሱን ነው። ሰውየውን የወደድሽው አንቺ ነሽ፤ ለምን እኔ ላይ ታላክኪያለሽ?»

ይህን ስትል ፊቴን አላየችም። ጠላ የምታጠል ሴት ወደ ማሰሮዋ ማየቷ ምንም የሚደንቅ እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን ያዝሁባት።

ከዚያ አየነው ራሱን። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ማር ከነሰፈፉ አምጥቶልን ነበር፤ እናቴም በልታለች፣ እሷ ግን መንገድ አላየችም። ደብዳቤውንስ? በእጄ አራት ጊዜ ይዤዋለሁ፤ ወረቀቱ በምን ታሽቶ እንደነበር ማን ያውቃል? ሌላም አለ። አየነው ከመሄዱ በፊት ሁልጊዜ ከፈረሱ ጆሮ ሥር ቆሞ በአገውኛ ያነበንባል። ሰው ለፈረስ ምን ይለዋል? አንድ ቀን ከአጥሩ ጀርባ ተሸሽጌ ሰማሁት፤ ቃሉን እንደ ዳዊት ሸመደድሁና አገውኛ ለሚያውቅ ጠጪያችን ደገምሁለት። ሰውየው ጠላው እስኪወጣበት ሳቀ።

«'ቁም አንተ ሆዳም' ነው ያለው!» አለኝ።

አላመንሁትም። እሱም የቆሰበር ሰው ነው።

በቀትር ፀሐይ ወደ ሽባባው ሄድሁ። በጀርባ መንገድ የሚሄዱ ሌሎች ናቸው፤ እኔ በገበያው መካከል አልፌ ነው የሄድሁ፣ ያየ ይይ ብዬ። ቀጭን ሰው ነው፤ ጣቱ ቀለም፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ትሕትና። ቁርበት አነጠፈልኝ። አልተቀመጥሁም።

«በእኔ ላይ ጽፈዋል?» አልሁት።

«ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?»

«የትኛው ስሜ?»

ሳቀ። «እንግዲያው እንግባባለን ማለት ነው። እሺ፣ ጽፌአለሁ ብልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አላገባውም።»

«አልጻፍሁም ብልሽስ?»

ቀለም የነካውን ጣቱን አየሁ።

«አየሽ» አለ፤ ብዕሩን እየጠረገ። «አልጻፍሁም ብልሽ አታምኚኝም። ጽፌአለሁ ብልሽ ግን ወዲያው ታምኚኛለሽ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ባይሆን ኖሮ እኔ አርሼ በበላሁ ነበር።»

«መልሱን ይንገሩኝ እንጂ ስለ ሰው ጠባይ አይንገሩኝ።»

«ከፈለግሽ ማፍረሻ ልጻፍልሽ። ተጽፎብሽ ከሆነ ይፈርሳል፤ ካልተጻፈብሽም አይጎዳሽም።»

«ከአንዱ ወረቀት አውጥተው ወደ ሌላው ወረቀት ሊያስገቡኝ? በኋላ ብጠላው የምጠላው እኔ ነኝ ወይስ የእርስዎ ቀለም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ። «አንቺን ያገባ ሰው ወዮለት» አለ። «ያለ ወረቀት የሚወድና ያለ ወረቀት የሚጠላ ሰው አለ ብሎ የሚያስተምር መሪጌታ ክንዴ ነው። ሂጂና እሱን አድክሚው።»

በእርግጥም ወጥቼ ሄድሁ። መንገድ ላይ ግን ቆም አልሁ፤ ይህ ሰው ወደ ክንዴ የሚልከኝ ለምንድን ነው? ተነጋግረው ይሆን? ግን ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

መሪጌታን ከግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ብራና ወጥረው ሲፍቁ አገኘኋቸው። ተማሪዎቻቸው ራቅ ብለው ያነበንባሉ።

«የኔታ» አልሁ።

ቀና አሉ። «ማን አስተምሮሽ ነው የኔታ የምትዪኝ?»

«ግድግዳዎ።»

ትንሽ አሰቡና መፋቂያውን አስቀመጡ። «ብቅል የምታሰጪው አንቺ ነሽ? እኔስ ተማሪዎቼ በተሳሳቱ ቁጥር ከውጭ የሚስቅ የምን ጋኔን ነው እል ነበር!»

ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ማሩን፣ ደብዳቤውን፣ ፈረሱን፣ ሽባባውን። አላሾፉም። ይህም አጠራጠረኝ።

«ሽባባው የሚሠራውን አላውቅለትም፤ ማወቅም አልፈልግም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እግዚአብሔር የክርስትና ስምሽን ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«የእናትሽንስ?»

«ያውቃል እንጂ።»

«የእኔንም ያውቃል፤ የእነዚያን ሰነፎችም ያውቃል። ቀለምም ብራናም አይቸግረውም። እንደ ሽባባው ቢያስብ ኖሮ በአዳም ላይ አንዲት መስመር ይበቃው ነበር። አዳም ዕፀ በለስን ዞር ብሎም አያይም ነበር። ሔዋንም ከእባብ ጋር ወሬ አትይዝም ነበር። መስቀል የለ፣ ሕማማት የለ፤ ሁላችን ገመድ እንዳለበት በግ ስንከተለው እንኖር ነበር። ስማችንን ሁሉ እያወቀ አልጻፈብንም።»

«ለምን?»

«የተጻፈበት ሰው ይከተላል እንጂ አይወድማ! እሱ ደግሞ የፈለገው መወደድ ነው። ለዚህ ሲል እምቢ መባልን ቻለ፤ እስከ መሰቀል ድረስ።»

ቃሉ ገባኝ። ገብቶኝ ዝም ብል ምንኛ ደግ ነበር! ግን ደስ የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር ከጀርባው ምን አለ ብዬ ማገላበጥ ልማዴ ነው።

«ሲኦልስ ታዲያ?» አልሁ። «'አልጻፍሁብሽም፣ ነጻ ነሽ፤ ካልወደድሽኝ ግን እሳት አለልሽ' ማለት ምን ዓይነት ነጻነት ነው? ይህማ ዱላ ይዞ 'በፈቃድሽ ነው?' የሚል ባል ነው።»

የተማሪዎቹ ንባብ ቀጥ አለ። መሪጌታ ወደ እነሱ ዞር ሲሉ መልሶ ቀጠለ።

«ይህን ጥያቄ እኔም በተማሪነቴ መምህሬን ጠይቄአቸው ነበር» አሉ።

«ምን ብለው መለሱልዎት?»

«በኩርኩም።» ራሳቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ኩርኩሙ ግን ጥያቄውን አላወጣልኝም፤ ዕድሜ ልኬን ይዤው ኖርሁ። አሁን ሳስበው፣ እሳቱ ሌላ ቦታ፣ በሌላ እንጨት የነደደ አይመስለኝም። ፍቅሩ ራሱ ነው። ብቅልሽን የሚያደርቅልሽ ፀሐይ ዓይኑን ለታመመ ሰው ሥቃይ ነው። ፀሐዩ በሽተኛውን ጠልቶ አይደለም፤ ሌላ ፀሐይም የለም። እሱ መውደዱን አይተውም፤ እኛም እምቢ ማለት እንችላለን። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ነው የሚያቃጥል።»

«እምቢ ብል ይለቀኛል?»

«ይለቅሻል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ከእሳቱም ይልቅ። እምቢ ያልሽ እንደሆነ ይለቅሻል።»

«እናቴ ናት ይህን እንዲሉኝ የላከችብዎት?»

«እናትሽ ጠላ ልካልኝ ታውቃለች፤ ትምህርተ ሃይማኖት ግን ልካ አታውቅም።»

አልሳቅሁም። የመጣሁበትን ጠየቅሁ። «አንድ ሰው እንዳልተጻፈበት በምን ያውቃል?»

መፋቂያቸውን አነሡ። «እምቢ ማለት ከቻለ አልተጻፈበትም» አሉ።

ሌላም ነገር ቀጥለው ብለዋል፤ ድምፃቸው ከኋላዬ ይሰማ ነበር። እኔ ግን ያችን አንዲት ቃል ይዤ ከበሩ ወጥቻለሁ። ከግድግዳ ውጭ የተማረ ሰው ትምህርቱን የሚወስደው እንደዚህ ነው፤ የሚፈልገው ሲደርሰው ብቅሉን አፍሶ ይሄዳል።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው የገበያ ቀን አየነው መጣ። ፈረሱን ውሃ ሲያጠጣ ከወንዙ ዳር ደረስሁበት።

«በጊዮርጊስ ማልልኝ» አልሁት። «መስተፋቅር አላስጻፍሁብሽም ብለህ ማልልኝ።»

አልደነገጠም። የማይደነግጥ ሰው ምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

«አልምልም» አለ።

«ለምን?»

«ዛሬ ብምልልሽ ነገ በሐሰት ማለ ትያለሽ።»

«እንግዲያው አስጽፈሃል።»

«አስጽፌአለሁ አላልሁም።»

«አላስጻፍሁምም አላልህም!»

የፈረሱን አንገት እያሸ ቆየ። «ሸጋ፣ እኔ አንቺን ምን አስምዬሽ አውቃለሁ?»

«እኔን ምን ልታስምለኝ! እኔ ምን አደረግሁ?»

«ምንም። አላስማልሁሽም ነው የምልሽ።»

ይህን ኩራት ነው ብዬ ተውሁት። ወደ ዋናው ሄድሁ። «እምቢ ብልህስ?»

«እምቢ ካልሽ እምቢ ነው።»

«ሽማግሌ አትመላልስም? አትጠልፈኝም?»

«ፈረሱ አለኝ፤ ጉልበቱም አለኝ» አለ አየነው። እንዲህ አርዝሞ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እንደዚያ አድርጌ የወሰድኋትን ሴት ቤቴ አስቀምጬ ምን አደርጋታለሁ? ደብዳቤ ታነብልኛለች? ብታነብልኝስ ወንድሜ ደኅና ይመስለኛል?»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ወንዙ ዳር ነገሩን ትጨርስ ነበር። እኔ ወደ ቤቴ ስመለስ የማስበው፣ አንድ የቆሰበር ገበሬ ይህን የመሰለ ንግግር ከየት አመጣው የሚል ነበር። ሽባባው አስጠንቶታል አልሁ። ደግሞ ልቤ ደረቴን ሲደልቀው እሰማለሁ፤ ይኸውልሽ፣ መስተፋቅሩ ይሠራል አልሁ። በቀጣዩ ሳምንት በሕማማት ስሰግድ እንኳ በእያንዳንዱ ስግደት መካከል ራሴን እመረምር ነበር።

መድኃኒቱ ግን አንድ ነው፤ መሪጌታ ነግረውኛል። እምቢ ማለት ከቻልሁ አልተጻፈብኝም። ካልተጻፈብኝ ፍቅሩ የእኔው የራሴ ነው፤ የእኔ ከሆነ ደግሞ በሙሉ አፌ እሺ እላለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እምቢ እላለሁ፣ ወዲያው እሺ እላለሁ። እንዲህ አድርጌ አሰላሁት። ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ ስሌቱን ያረመልኝ ሰው አልነበረም።

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ቀን ሊቆርጡ መጡ፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አየነው ከበሩ አጠገብ፣ እናቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ። እትዬ ደብሪቱ ማንም ሳይጠራት ጥጓን ይዛለች። ትልቁ ሽማግሌ ብዙ ከመረቁ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ከአንቺም አንደበት እንስማ።»

«አላገባውም» አልሁ።

ቃሉ ከአፌ ወጣ። ምላሴ አልተሳሰረም፣ ጉልበቴ አልከዳኝም፣ ዓይኔ አልጨለመም። ጤፍ ይበጠር እንደማለት ቀላል ሆኖ ወጣ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ቻልሁ! ማንም አልጻፈብኝም። መንገድ መንገድ ያየሁት ራሴ ነኝ፤ ደብዳቤውን በቃሌ ያጠናሁት ራሴ ነኝ። ሁለተኛውን ቃል ልናገር ወደ አየነው ዞርሁ።

ሽማግሌዎቹ ግን ተነሥተው ነበር። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋለች። ደብሪቱ አፏን ከፍታ፣ ነገ የምትለውን ከአሁኑ እያጣጣመች ታየኛለች። አየነውም ተነሣ። አልተቆጣም፣ አልለመነም። ቄሱ ሊጠይቁኝ የሚገባውን እሱ ጠየቀኝ።

«በፈቃድሽ ነው?»

እዚህ ላይ ነው። ማንም አልያዘኝም። «አይደለም፣ ቆይ፣ ልፈትን ብዬ ነው» ማለት እችል ነበር። ግን ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ በደብሪቱ ፊት፣ ሸጋ ቃሏን ዋጠች ሊባል ነው። ሞኝ ነበረች ሊባል ነው። ደግሞስ እሱ ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ባይለምነኝ? የሚወድ ሰው እንዲህ በቀላሉ ይለቃል? ያን ጊዜም ጠረጠርሁት።

«በፈቃዴ ነው» አልሁ።

«እሺ» አለና ወጣ። ፈረሱን ሲፈታ፣ በጆሮው ያንኑ አገውኛውን ሲለው በመስኮት ሰማሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ይመጣል አልሁ። አልመጣም። ገበያውን ወደ አዘና አዞረ አሉ። ቃል ብልክበት እንደሚመለስ አውቅ ነበር፤ ይህን አንድ ቀን አልተጠራጠርሁም። ወረቀቱም ቀለሙም ከእኔ ዘንድ ነው፤ የከተማውን ሁሉ ደብዳቤ የምጽፍ እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጀመርሁለት። ሦስት ጊዜም ከግማሹ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ አየነው ማንበብ አይችልም። የእኔን ልመና አዘና ላይ አንዱ ፊደል የቆጠረ ጎረምሳ እየተንተባተበ፣ ሰው እየሰማው ሊያነብለት ነው። ቀደድሁት።

እናቴ ወር ሙሉ አላነጋገረችኝም። መሪጌታ ክንዴን አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና «እንዳሉኝ አደረግሁ፤ እምቢ ማለት ቻልሁ» አልኋቸው። ቆመው አዩኝ።

«መቻልሽን ለማወቅ አደረግሽው?» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ መቻልሽንማ ስትመጪ ነው ያየሁት። ስትወጪ እኮ የጮኽሁልሽ፣ እሺ ማለትም መቻል ነው ብዬ ነበር።»

በጥር አየነው የአዘናዋን ሙሉነሽን አገባ። በቁርባን ነው።

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አለፈ። እናቴ እታለማሁ ዐርፋለች፤ ጠላ ቤቱን ዘግቼ በዚያው ቤት ለሴቶች ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። ከግድግዳ ውጭ አይደለም፤ ከውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ። አግቢኝ ያሉ መጥተዋል። አንዳቸውንም አልጠረጠርሁም፤ የአንዳቸውንም መንገድ አላየሁም።

ባለፈው መስከረም አንዲት ሴት ስድስት ዓመት የሚሆናትን ልጅ እጇን ይዛ መጣች። ደልደል ያለች፣ ሳቅ የማይለያት ሴት ናት። እህቷ ዳንግላ ስለምትኖር ልጅቱን እዚያ አስቀምጣ ልታስተምር ነው።

«ሙሉነሽ እባላለሁ፤ የአየነው ባለቤት ነኝ» አለች፤ ደህና ዋልሽ እንደማለት። «ወደ አንቺ አምጪያት ያለኝ እሱ ነው፣ እትዬ ሸጋ። እንደ እሷ የሚያነብ የለም ይላል።»

ልጅቱን ተቀበልሁ፤ ሰሌዳ ሰጥቼ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኋት። ሙሉነሽ ግን አልሄደችም። ልታየኝ ነው የመጣችው አልሁ በልቤ፤ ልታነጻጽር። ነጠላዬን ሰበሰብሁ፣ ለሚመጣው ነገር መልስ አዘጋጀሁ።

«አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል» አለች። «አታዝኚብኝምና ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«መስተፋቅር አስጽፎብኛል ብለሽ ነው አይደል የተውሽው? ጎረቤታችሁ የነበረችው ሴት ነች አሉ ያስወራችው። ያችው ሴት እኮ ለእሱም ነግራው ነበር! ያውም አንቺ ከመስማትሽ በፊት። 'እናቲቱ በልጇ ስም አስጽፋብሃለች፤ ያለዚያ ለአንድ ደብዳቤ አራት ገበያ የሚመላለስ ሰው አለ?' ብላው።»

«መቼ?» አልሁ።

«ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ነው አሉ። እኔም እንዳንቺ ነው የገረመኝ። 'ታዲያ አልፈራህም? ሽማግሌ እንዴት ላክህ?' ብዬ ጠየቅሁት።»

«ምን አለሽ?»

«'በእኔ ላይ ተጽፎ እንደሆነም በእሷ ላይ የጻፈ የለም፤ እሷን ጠይቄ እሺ ካለችኝ ይበቃኛል ብዬ ነው የላክሁ' አለኝ።»